የእንግሊዝ ገጠር ቄስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአንግሊካን (የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን) ቄስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንዲት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገቧ ሰፊ ቤት፣ በቤቱም ተረጋግቶ የሚኖር አገልጋይ ነው። የእንግሊዝ ገጠር እውነታ ከዚህ በእጅጉ ይርቃል። የእነዚህ ሰዎች ድካም ሳይታወቅ በስንፍና ሲታሙ መስማት ያሳዝነኛል።

«ለአንድ መንደር አንድ ቄስ አለ።»
ዛሬ አንድ ቄስ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከአሥር በላይ አብያተ ክርስቲያናትን ደርቦ ይይዛል። እያንዳንዷ የራሷ ጉባኤ፣ የራሷ ሒሳብና የራሷ የሚያፈስ ጣሪያ አላት። ስለዚህ ቄሱ እሁድ ጠዋት በአንዷ ቀድሶ ወደ ሌላዋ በመኪና ይሮጣል። በየቤተ ክርስቲያኑ በየእሁዱ አገልግሎት እንዲኖር ያስገድድ የነበረው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ደንብ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) እንዲላላ ተወስኗል። ድሮ ሁሉም መንደር የራሱ ቄስ ነበረው የሚለውም የተጋነነ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የበርካታ አጥቢያዎችን ገቢ እየሰበሰቡ ሥራውን በአነስተኛ ክፍያ ለረዳት ቄስ የሚተዉ ጥቂት አልነበሩም። አንድ ቄስ ከሁለት አጥቢያ በላይ እንዳይዝ ይገድብ የነበረው ሕግ የወጣው በ1838 ነው። የዛሬው መደራረብ ግን ከስግብግብነት ሳይሆን ከአገልጋይና ከገንዘብ እጥረት የመጣ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ግፍ ነው።

«ደመወዙን መንግሥት ይከፍላል።»
ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ ገዥ መሆናቸው ያሳስታል። የአጥቢያ ቄስ የሚተዳደረው በዋናነት ምእመናን በሚያዋጡት ገንዘብና ከቤተ ክርስቲያኒቱ የቆየ ሀብት በሚገኝ ገቢ ነው። ገበሬው ይከፍለው የነበረው አሥራት በ1836 ወደ ገንዘብ ተቀየረ፤ በ1936 ደግሞ ለቄሶች መከፈሉ ቀረ። የሚኖርበትም ቤት የግሉ አይደለም፤ ጡረታ ሲወጣ ይለቃል።

«የሚያገለግለው የሚያስቀድሱትን ብቻ ነው።»
አይደለም። ኃላፊነቱ በአጥቢያው ወሰን ለሚኖር ሰው ሁሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ ነዋሪ እንኳ፣ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ፣ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የመጋባት፣ ቦታ ካለም በግቢው የመቀበር መብት አለው። በእኔ ግምት የዚህ አገልግሎት ትልቁ ክብር ይህ ነው።

«ወንዶች ብቻ ናቸው።»
ከ1994 ጀምሮ ሴቶችም ቅስና ይቀበላሉ፤ በገጠርም ብዙ አጥቢያ የሚመሩ አሉ።

«ሁሉን የሚወስነው ቄሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል።»
ከ1921 ጀምሮ በሕግ የቆመ የአጥቢያ ጉባኤ አለ፤ የእኛን ሰበካ ጉባኤ ይመስላል። ገንዘቡንና የሕንፃውን ጥገና የሚመለከተው ይህ ጉባኤ ነው። በየዓመቱ የሚመረጡ ሁለት ተጠሪዎችም አሉ። ቄሱ ሲቀየር ቦታው ለወራት ክፍት ሊቆይ ይችላል፤ ያኔ አጥቢያውን የሚያንቀሳቅሱት እነዚህ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ምእመናን፣ ከአካባቢው ቄሶች አስተባባሪ ጋር ሆነው ነው።