የታሰሩ ሕፃናት አያያዝና መብቶች

በዓለም አቀፍ ሕግ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ ሕፃን ነው። በፖሊስ ማረፊያም ይሁን በማረሚያ ቤት፣ በፈቃዱ ወጥቶ መሄድ ከተከለከለ ነፃነቱን ተነፍጓል ይባላል። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ በአንቀጽ 37 እስር የመጨረሻ አማራጭ ብቻ እንዲሆን፣ ጊዜውም የግድ ከሚያስፈልገው እንዳይበልጥ ደንግጓል። የሞት ቅጣትና የመፈታት ተስፋ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራትም በሕፃን ላይ አይፈረድም።

አፈጻጸሙ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በሰብዓዊ መብት ባለሙያው በማንፍሬድ ኖዋክ መሪነት ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበው ሪፖርት፣ ከወንጀል ፍትሕ ጋር በተያያዘ ቢያንስ 410 ሺህ ሕፃናት በየዓመቱ በማቆያና በማረሚያ ቤቶች እንደሚያልፉ ገምቷል። በፖሊስ ጣቢያ የሚያዙት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉት በዚህ ውስጥ አልተካተቱም። ሌሎች 330 ሺህ ያህል የሚታሰሩት ደግሞ እነሱ ወይም ወላጆቻቸው ስደተኞች በመሆናቸው ነው። ይህ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው እስር ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። የፈራ ልጅ «ፈርምና ወደ ቤትህ ሂድ» ሲሉት፣ ያልፈጸመውን ድርጊት አምኖ ይፈርማል። ወላጅና ጠበቃ ምርመራው ሳይጀመር አጠገቡ መገኘት ያለባቸው ለዚህ ነው። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም የተያዘ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ሥልጣን ላለው አካል እንዲቀርብ፣ የወንጀል ተጠያቂነት መነሻ ዕድሜም ከ14 ዓመት እንዳያንስ ያሳስባል።

የእስር ቤቱን የዕለት ኑሮ በዝርዝር የሚወስኑት በ1990 እ.ኤ.አ. የወጡት የተባበሩት መንግሥታት የሃቫና ደንቦች ናቸው። ሕፃኑ እንደገባ ሐኪም ያየዋል፤ ከአዋቂ እስረኞች ተለይቶ ያድራል። ጨለማ ክፍል ማስገባት፣ ለብቻ መነጠል፣ ድብደባ፣ ምግብ መቀነስም ሆነ ቤተሰብ እንዳይጠይቀው መከልከል በቅጣትነት አይፈቀዱም። እስር ቤት ሆኖ የተማረበት የምስክር ወረቀት፣ ታስሮ እንደነበር የሚጠቁም ነገር እንዳይሰፍርበት ሳይቀር ታዟል። ደንቦቹን ያረቀቁት ሰዎች ልጁ ሥራ ፍለጋ የሚወጣበትን ቀን አስበዋል።

ይሁንና በር በተዘጋበት ቤት የሚሆነውን ማን ያያል? ደንቦቹ የተቋሙ አስተዳደር አባል ያልሆኑ ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ እንዲገቡ፣ ሕፃናቱንም ያለ አንዳች ገደብ እንዲያገኙ ያዝዛሉ። ጠባቂው ቆሞ እየሰማ ስለ ድብደባ የሚጠየቅ ልጅ «ደኅና ነኝ» ከማለት ሌላ መልስ አይኖረውምና፣ ንግግሩ የግድ በምስጢር መሆን አለበት።