«ግፊቴ ጨመረ» እና «ግፊት አለብኝ» ይለያያሉ

«አንድ ቀን ተለክቼ ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ግፊት አለብኝ ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ በዕድራችን ቡድን ደጋግሞ ስለመጣ ልጻፈው። አንድ ቀን ተለክቶ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ሁሉ የደም ግፊት በሽተኛ ነው ማለት አይደለም።

ስንናደድ ወይም ስንደነግጥ ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊቱ ይወጣል። ስንረጋጋ ይመለሳል። ቡናም ለጥቂት ሰዓት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። መጠኑ ግን እንደ ሰዉ ነው፤ ቡና የለመደ ሰው ላይ ለውጡ ያነሰ ነው።

አንዲት ጎረቤታችን አቦልና ቶናውን ጠጥተው ወጡ። በባጃጅ ሂሳብ ተጨቃጨቁ። ከዚያ በባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ በእግራቸው መጥተው፣ ላባቸው ሳይደርቅ ተለኩ። 152/94! የላይኛው 152፣ የታችኛው 94 ማለት ነው። እንባቸው መጣ። በማግስቱ ጠዋት ቡና ሳይቀምሱ፣ ጀርባቸውን ደገፍ፣ እግራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ተቀመጡ። 126/80 ሆነ። እሳቸውም ቢሆኑ በሌላ ቀን ደግመው መለካት አለባቸው።

«ግፊት አለብህ» የሚባለው በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከመለካታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም ይቅር። ሽንታችሁንም አትያዙ።

«ምንም አያመኝም» ማስረጃ አይሆንም፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አንድ ቀን ወረደ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ቁጥሩ 180/120 አልፎ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ነገ አይባልም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ።