«ሁለት ሱሰኛ ከተገናኘ ተያይዞ ይወድቃል» እና ሌሎች በየቀኑ የምሰማቸው ነገሮች

ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ወንበሮችን በክብ እንደረድራለን። ከመጠጥ፣ ከጫት፣ ከድብርት ወይም ከበድ ካለ የአእምሮ ሕመም ጋር የሚታገሉ ሰዎች ይመጣሉ። የማስተባብረው እኔ ነኝ። የአቻ ድጋፍ ይባላል፤ ያለፈበት ሰው፣ እያለፈበት ካለው ሰው አጠገብ ይቀመጣል። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ስለሱ የሚወራው ግን ብዙ ነው። ቤተሰብ፣ የእድር ሰዎች፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚሉኝን እዚህ ልመልስ።

«ሁለት ሱሰኛ አንድ ላይ ከተቀመጠ መልሶ ይጀምራል»

ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚሉኝ እናቶች ናቸው። አልፈርድባቸውም። ልጃቸውን የወሰደባቸው ጓደኛ ነው። በርጫው በቡድን ነው፣ ማታ ጨብሲውም በቡድን ነው። አሁን ደግሞ «በክብ ይቀመጣሉ» ሲባሉ ቢደነግጡ እውነት አላቸው።

ግን እስቲ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ደላላ ለሥራ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ወዳለችው አክረን ከተማ ሄደ። ሥራው ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነው፣ የሆቴሉ ባር ደግሞ ከፊቱ ነው። ባሩን ትቶ ወደ ስልኩ ሄደ። ለከተማዋ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እየደወለ ከሌላ ጠጪ ጋር እንዲያገናኙት ለመነ። በመጨረሻ ያገኘው ዶክተር ቦብ ስሚዝን ነው፤ ራሱ ሐኪም ሆኖ ከመጠጥ መላቀቅ ያቃተውን ሰው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር የተጀመረው ከዚያ ጭውውት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ሰዎችን በሥርዓት ወደዚህ ማኅበር የሚመራ ሕክምና፣ ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ርቆ በመቆየት በኩል ከሌሎች የታወቁ የንግግር ሕክምናዎች የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

መደንገጥ ያለብን ደንብ የሌለው ቡድን ስናይ ነው። እኛ ጋ ጠጥቶ ወይም ቅሞ የመጣ ሰው አይባረርም። ግን በዚያ ቀን ክቡ ውስጥ አይገባም። አንዳችን ውጭ፣ ደረጃው ላይ አብረነው ሻይ እንጠጣለን። ከዚያ ቤቱ መግባቱን በስልክ እናረጋግጣለን።

«ቡድን ካለ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

ይህኛው አመለካከት ሰው ይገድላል።

አንድ ሐምሌ፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን፣ አንድ ጎልማሳ ደስ ብሎት መጣ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ነው። «ትናንት ጠዋት አቆምኩ፤ በቃ!» አለን። የሻይ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አላጨበጨብንለትም። ላዳ ጠርተን ሆስፒታል ወሰድነው።

ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጀምበር ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ማላብ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን ይስታል። ይህ ካልታከመ ሕይወት ያጠፋል። ሲታከም ግን በመድኃኒት የሚያልፍ ነገር ነው። የእኛ ሥራ ምልክቱን ማወቅና ቶሎ ማድረስ ነው። ጫት ሲቆም የሚመጣው ድካም፣ እንቅልፍ፣ ድብርትና ዱካክ ነው። እንደ አልኮሉ አደገኛ አይደለም። ድብርቱ ወደ ሞት ሐሳብ ከሄደ ግን ያው፣ ቅዳሜን አንጠብቅም።

ሌላም ደንብ አለን። ከበድ ላሉ የአእምሮ ሕመሞች፣ ለስኪዞፍሬንያ ወይም ለባይፖላር፣ መድኃኒት የሚወስድን ሰው «ተወው» የሚል አባል አይኖርም። «እኔ ትቼው ደህና ሆንኩ» ማለትም ያው ምክር ነው።

«ወይ ጸበል፣ ወይ መድኃኒት»

አብረው ይሄዳሉ። በኤች አይ ቪ ጊዜ ይኸው ክርክር ነበር፤ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ መወሰድ እንደሚችል ተናግረው ነበር። ጸበል የሚሄድ አባላችን ክኒኑን በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

«ያለፈበት ሰው ሁሉ ሌላውን መርዳት ይችላል»

በጣም የምጠነቀቅበት እዚህ ላይ ነው። ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ ማዳመጥ ሌላ። አዲስ ደጋፊ መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት ምን መሰላችሁ? «አይዞህ» ማለት። ቃሉ ደግ ነው። ግን ሰውዬው ገና አፉን ሲከፍት «አይዞህ፣ በርታ፣ እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» ካልነው ወሬው ወደ እኛ ዞረ። እሱ ዝም ይላል። ሥልጠና ላይ ሁለት ሁለት አድርገን እናስቀምጣቸዋለን፤ አንዱ 5 ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ምክር ሳይሰጥ ይሰማል። 5 ደቂቃ ስንት ሰው እንዳቃተው ብታዩ!

ባለሙያ ያልሆነ ሰው በደንብ ሲሠለጥን ምን ማድረግ እንደሚችል እዚሁ አገራችን ታይቷል። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ የአካባቢው ሰዎች ለ5 ሳምንታት ሠልጥነው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎችና ቤተሰቦቻቸውን ቤት ለቤት ደገፉ። እነዚህ ሠራተኞች ሕመሙ ያለፈባቸው መሆን አላስፈለጋቸውም። መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ነው ድጋፉ የተጨመረው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የታማሚዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ ነበር።

ደጋፊውም ሰው ነው። የሌላውን መከራ ሲሰማ የራሱ ቁስል ይነካል። ስለዚህ በየ15 ቀኑ ደጋፊዎቹ ብቻቸውን ከአንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር ይቀመጣሉ። የደከመው ያርፋል። ገንዘብ ማበደር፣ ቤት ወስዶ ማሳደር፣ ከሚደግፉት ሰው ጋር ፍቅር መጀመር፤ ሦስቱም ክልክል ናቸው።

«ሰፈር ውስጥ ምሥጢር የለም»

ስጋቱ ትክክል ነው። ስለዚህ ነው ብዙዎቹ ከራሳቸው ሰፈር ርቀው የሚመጡት። በቅጽል ስም መጠራት ይቻላል። ፎቶ የለም፤ ለሪፖርት እንኳ የምንልከው የባዶ ወንበሮችን ፎቶ ነው። አንድ ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ቀን በግልጽ እንናገራለን፦ የአንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ምሥጢር አንይዝም። ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው በኋላ ከዳችሁኝ አይልም።

«አገረሸበት፤ በቃ፣ ከንቱ ልፋት ነው»

የደም ግፊቱ የተነሣበትን ሰው «በቃህ» ብለን ከሐኪም ቤት አናስወጣውም። ሱስም እንዲሁ ይመላለሳል። የሚከፋው እፍረቱ ነው፤ ሰውን ከቡድኑ የሚያስቀረው እሱ ነው።

«ሻይና ወንበር ካለ ሌላው ራሱ ይሄዳል»

አይሄድም። ጸሐፊው ሥራውን ያቆመበት እድር ስንት ወር ይቆያል? ይህም እንደዚያው ነው። የታክሲ መሳፈሪያ የሌለው አባል አለ። የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ሰው ለቅሶ ይሄዳል። ሌሊት ሰው የሚላክበት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደሚወስደው፣ ላዳው ከየት እንደሚከፈል ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ደብተሩ አለ። የመጣ፣ የቀረ። ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ለቀረ ሰው ሰኞ እደውላለሁ። ካላነሳ ማክሰኞ። ካላነሳ ደግሞ እሱ ራሱ ሲመዘገብ «ለእሱ ደውሉ» ወዳለኝ ሰው። ባለፈው ሰኞ የደወልኩለት ሰው ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሳ። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። «ጠጥቻለሁ» አለኝ። ዛሬ በልቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ከዚያ ቅዳሜ በ9 ሰዓት እንደምንጀምር ነገርኩት።