"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም"፣ እሺ፣ ድስቱስ?

ባለፈው የእህቴ ልጅ "ጉልቻ ምንድነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ኮንዶሚኒየም ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ ምድጃ ማለት ለሱ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ነው፣ አልፈርድበትም። ለማያውቅ ሰው፣ ጉልቻ ማለት ድስት ወይ ምጣድ የሚጣድባቸው ሶስት ድንጋዮች ናቸው፣ ከሸክላ የሚሰራም አለ፣ መሀላቸው እሳት ይነዳል። ሶስት መሆናቸው ያለምክንያት አይደለም፣ በሁለት አይቆምም፣ በአራት ደግሞ አንዱ ትንሽ ዝቅ ካለ ድስቱ ይወዛወዛል፣ ሶስት ሲሆን ግን መሬቱ ጎርባጣ ቢሆንም ይረጋል። ትዳር መያዝን "ሶስት ጉልቻ መሰረተ" ምንለውም ከዚሁ ነው።

አባባሉ እንግዲህ በቀጥታ ከማጀት የወጣ ነው። ወጥ የሚጣፍጠው ሽንኩርቱ በደንብ ሲቁላላ ነው፣ በበርበሬው ነው፣ በቅቤው ነው፣ ከሁሉም በላይ በሰሪዋ እጅ ነው። አልጣፍጥ ያለ ወጥ ይዘሽ ድንጋዩን ብታገላብጪው፣ ከወንዝ ሌላ ብታስመጪ ያው ነው (የወንዝ ድንጋይ እንደውም ውሃ ካዘለ እሳት ሲነካው ፈንድቶ ጉድ ይሰራሻል)። ትርጉሙ ባጭሩ ስሩ ሳይነካ ላዩን ብትቀያይረው ለውጥ የለም ነው። ሹም ሽር በተደረገ ቁጥር ምትሰሙት ለዛ ነው፣ ሚኒስትሩ ተነስቶ ሌላ ሚኒስትር ሲመጣ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው አያጣትም። ሚስት ፈቶ ሌላ ላገባም ትባላለች፣ እሱ ግን ፀብ ስለሚያመጣ ሰርግ ቤት ባትሞክሩት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይቺ አባባል ስለ ምርጫ ስለ ዲሞክራሲ ሲወራ እንደ መዝጊያ ነው ምትመጣው። "ዲሞክራሲ ለሀገር መረጋጋት ያመጣል ወይ?" ሲባል አንዱ ተነስቶ ጉልቻ ቢለዋወጥ ይላል፣ ሌላው "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ይልና ወሬው ያልቃል። እኔ ደሞ እላለሁ፣ አባባሉ ልክ ነው ግን ያወራው ስለ ወጡ ነው፣ ጉልቻ መች ለማጣፈጥ ተሰራ? የተሰራው ድስቱ እንዳይደፋ ነው።

አያቴ ጋ አንዴ ሽሮ እየተንተከተከ አንዱ ጉልቻ ተሰነጠቀ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሮጬ ድንጋዩን ልጎትት ስል በጥፊ ልታጠናግረኝ ነበር። መጀመሪያ ድስቱን በጨርቅ ይዛ አወረደችና ማቶት (ድስት የሚያርፍበት ክብ ማስቀመጫ) ላይ አስቀመጠችው፣ እሳቱን ገለል አደረገች፣ ከዛ የተሰነጠቀውን አውጥታ ሌላ አስገባች፣ በእጇ ወዝወዝ አድርጋ አየችውና መልሳ ጣደች። ሽሮው አልፈሰሰም። ጣእሙም ያው ነበር በርግጥ።

የኛን ሀገር ታሪክ እስቲ በዚህ እዩት። በ1967 መስከረም ላይ ንጉሱ በቮልስ ተጭነው ሲወሰዱ ጉልቻው ብቻ አይደለም የወጣው፣ ህገ መንግስቱም ፓርላማውም አብሮ ሄደ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ደሞ ሰራዊቱ ሳይቀር ተበተነ። ሁለቴም ድስቱ ከነወጡ ተደፍቶ ከዜሮ ሽንኩርት መላጥ ተጀመረ ማለት ነው። ማቶት የለማ! ጉልቻው ሲሰነጠቅ ድስቱ ወርዶ ሚያርፍበት ቦታ አላዘጋጀንም።

ጎረቤታችን ኬንያ ደሞ ምርጫ ብቻውን ማቶት እንደማይሆን ያሳየች ሀገር ናት። እኤአ በ2007 ታህሳስ መጨረሻ ላይ መረጡ፣ ውጤቱ አወዛገበ፣ ስልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዝዳንት ምዋይ ኪባኪ ምሽት ላይ በጥድፊያ ቃለ መሀላ ፈፀሙ፣ የተቃዋሚው የራይላ ኦዲንጋ ወገን ፍርድ ቤቱን ስለማያምነው ክስ አልመሰርትም አለ፣ በቃ ነገሩ መንገድ ላይ ወጣ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 600,000 ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። እዚህ ላይ ዲሞክራሲ ያረጋጋል ብሎ የሚከራከር ሰው ዝም ማለት አለበት፣ ምርጫው ራሱ ነው እሳቱን የለኮሰው።

ግን ታሪኩ እዛ አያልቅም። በ2010 (አሁንም እኤአ ነው) አዲስ ህገ መንግስት አፀደቁ፣ ፍርድ ቤቱን አጠናከሩት። በ2017 ያው ኦዲንጋ ተሸነፍክ ሲባል ፍርድ ቤት ሄደ፣ ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመሩት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስልጣን ላይ ያለውን የኡሁሩ ኬንያታን ድል ሰረዘው! እስከዛን ጊዜ በአፍሪካ ያልታየ ነገር ነበር። ድጋሚ ምርጫው ላይ ኦዲንጋ አልሳተፍም አለ፣ ሰውም ሞቷል፣ አልክድም፣ ግን 2007ን አልሆነም። በ2022 ዊሊያም ሩቶ በ50.49 ፐርሰንት ሲያሸንፍ ደሞ ኦዲንጋ እንደገና ከሰሰ፣ ተሸነፈ፣ በውሳኔው ባልስማማም አከብራለሁ አለ። አንድ ሰውዬ፣ በ15 አመት ውስጥ፣ ከመንገድ ወደ ዳኛ ፊት። ሰውየው መልአክ ሆኖ አይመስለኝም (ነፍሱን ይማር)፣ ድስቱን ሚያስቀምጥበት ማቶት ስላገኘ ነው።

ወጡስ ጣፈጠ? አልጣፈጠም። በ2024 ሰኔ የኬንያ ወጣቶች በታክስ አዋጁ ተማርረው ፓርላማ ሰብረው ገቡ፣ ብዙ ልጆች በጥይት አለቁ፣ ሩቶም አዋጁን ሳይፈርም መለሰው። ኑሮ ውድነቱ፣ ሌብነቱ፣ እሱን የምርጫ ኮሮጆ አያጣፍጠውም፣ አባባላችን እዚህ ጋ ሙሉ ነጥብ ይሰጣታል።

እና ደሞ ወጡ ዝም ብሎ ለዘመናት ካልጣፈጠ ጉልቻውም አይተርፍም። ማሊን እዩ፣ ከ1992 ጀምሮ 20 አመት ሙሉ የምእራብ አፍሪካ ምሳሌ እየተባለች ተመረጠባት፣ በ2012 ምርጫ ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት ወታደሩ ገለበጠ። በ2020 እንደገና ሲገለብጥ ደሞ ባማኮ ላይ ህዝቡ ወጥቶ ጨፈረ፣ የመረጠው መንግስት ሲወርድ ማለት ነው! የራበው ሰው ድስቱ ባዶ መሆኑን ካወቀ በእርግጫ ነው ሚለው። በቦትስዋና ግን ከ1966 ጀምሮ የገዛው ፓርቲ በ2024 ተሸንፎ ፕሬዝዳንቱ ማሲሲ ገና ቆጠራው ሳይጠናቀቅ ሽንፈቱን ተቀበለ፣ አንድም ጥይት የለ፣ ለዜና እንኳን የማይመች ነገር።

አባቴ ይቺን አባባል በጣም ነው ሚወዳት። በ67 ተማሪ ሆኖ ብያታለሁ ይላል፣ በ83 ስለማለቱ እናቴ ምስክር ናት፣ ሬድዮኑን ዘግቶ "ጉልቻ ቢለዋወጥ" ብሎ ሊተኛ ገባ አለችኝ። በ2010 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን በቲቪ እያየን ዞር ብዬ ጠበቅኩት፣ ዝም አለ። "ዛሬ አትላትም እንዴ?" ስለው "ቆይ እንጂ፣ ገና መች ቀመስኩት" አለና ሪሞቱን ተቀበለኝ።