መቶ ቶን የማትሞላ መርከብ 120 ቶን እንዴት ትጭናለች?

የስኮትላንድን ምዕራብ ዳርቻና ደሴቶቹን ያገለገሉት «ፓፈር» የሚባሉ ትንንሽ የእንፋሎት መርከቦች መዝገብ ላይ ከ100 ቶን በታች ተብለው፣ 120 ቶን ገደማ የድንጋይ ከሰል ይጭኑ ነበር። ይህ ማጭበርበር አይደለም።

መዝገቡ ላይ ያለው ቶን ክብደት አይደለም። የመርከቧ ውስጥ የተዘጋ ቦታ ይለካና እያንዳንዱ 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ሜትር ኩብ ገደማ፣ አንድ ቶን ተብሎ ይቆጠር ነበር። ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። የጭነቱ ቶን ግን እውነተኛ ክብደት ነው፤ በዚያችው 2.83 ሜትር ኩብ ውስጥ ከሰል ብትሞላ ከሁለት ቶን በላይ ይገባል፣ ያልታመቀ ሱፍ ብትሞላ ደግሞ አንድ ቶንም አይደርስ። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ርዝመታቸውም ብዙ ጊዜ 66 ጫማ፣ 20 ሜትር ገደማ ነበር። ባሕር ላይ እየሠሩ ለምን እንዲህ አጠሩ? የሚያልፉበት የፎርዝና ክላይድ ቦይ፣ ማለትም ስኮትላንድን የሚያቋርጠው ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ፣ የውሃ በሮቹ ከዚያ የረዘመ ስለማያሳልፉ ነዋ! ወደብ የሌለበት ደሴት ሲደርሱም ችግር አልነበረም፤ ታችኛው ክፍላቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ቁጭ ይሉና ጭነቱ በቀጥታ ጋሪ ላይ ይራገፍ ነበር፣ ውሃው ሲመለስም ተንሳፍፈው ይሄዱ ነበር።