ሚክስድ ኮንቴንት ምንድን ነው?

የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፊኬት ገብቷል። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ይጀምራል። ገጹ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። የሐበሻ ልብስ በኢንተርኔት የምትሸጥ ጓደኛዬ የደወለችልኝ በዚህ ጉዳይ ነው። «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ፤ ዛሬ ፎቶዎቹ መንሸራተት አቆሙ» አለችኝ። ወደ ኤችቲቲፒኤስ የቀየረችው ማታውን ነበር።

አንድ ገጽ ስንከፍት የሚመጣው አንድ ፋይል ብቻ አይደለም። ጽሑፉ፣ ፎቶዎቹ፣ ፎንቱ፣ ስክሪፕቱ (ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አድራሻ ተጠርተው ነው የሚመጡት። ገጹ በተመሰጠረው በኤችቲቲፒኤስ መጥቶ፣ ውስጡ ካሉት አንዱ በድሮው በኤችቲቲፒ ከተጠራ ሚክስድ ኮንቴንት፣ ማለትም ድብልቅ ይዘት ይባላል። የፊት በር ተቆልፎ የጓሮው በር ክፍት ሲያድር ማለት ነው።

አደጋው እውነተኛ ነው። በካፌ ዋይፋይ መሃል የገባ ሰው ያልተመሰጠረውን ፋይል ማየት ብቻ ሳይሆን መለወጥም ይችላል። ፋይሉ ፎቶ ከሆነ ሌላ ፎቶ ይተካበታል። ስክሪፕት ከሆነ ግን ገጹን በሙሉ ይቆጣጠረዋል፤ ደንበኛዋ ፓስዎርዷን ስትጽፍ ያነባል። ለዚህ ነው ብሮውዘሮች ሁለቱን በአንድ ዓይን የማያዩት። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው በስሪት 23 እንዲህ ያሉ ስክሪፕቶችን ማገድ ጀመረ። ክሮም ደግሞ ዛሬ ፎቶና ቪዲዮውን ራሱ በኤችቲቲፒኤስ ለመጥራት ይሞክራል፤ ስክሪፕቱን ግን ያግዳል።

የጓደኛዬን ገጽ ከፍቼ ኤፍ 12ን ተጫንኩና ኮንሶል፣ ማለትም ብሮውዘሩ የገጹን ስህተቶች የሚዘረዝርበት ክፍል ውስጥ ገባሁ። ብዙ ቢጫ መስመር፣ አንድ ቀይ መስመር። ቢጫዎቹ የድሮ ፎቶዎች ናቸው። ቀዩ ፎቶዎቹን የሚያንሸራትተው ስክሪፕት ነው፤ አድራሻው በኤችቲቲፒ ስለተጻፈ ታግዷል። የታገደው ፋይል ሙሉ አድራሻ እዚያው ተጽፏል። ስለዚህ ከመገመት በፊት ኮንሶሉን ማንበብ ነው።

«ሪዳይሬክት አድርጌያለሁ፣ ለምን አልሠራም?» ስትል ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ሪዳይሬክት ማለት በኤችቲቲፒ የመጣን ጥያቄ ወደ ኤችቲቲፒኤስ መምራት ነው፤ ይህን የሚያደርገው ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው። የስክሪፕቱን ጥያቄ ግን ብሮውዘሩ ገና ከጎብኚው ኮምፒውተር ሳይወጣ ያስቀረዋል። ሰርቨሩ ጋ ያልደረሰ ጥያቄ ደግሞ ሪዳይሬክት አይደረግም። መስተካከል ያለበት አድራሻው የተጻፈበት ቦታ ነው።

ገጿ የተሠራው ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ዎርድፕረስ ደግሞ በየጽሑፉ የገባውን ፎቶ ከነሙሉ አድራሻው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሴቲንግ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የሳይት አድራሻዎች መቀየር የድሮዎቹን ጽሑፎች አይነካም። ዳታቤዙ ውስጥ ፈልጎ መተካት የግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። የቴም (የገጹ መልክ) እና የፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ሴቲንጎች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ከጽሑፉ ፊት የፊደሉ ብዛት ተቆጥሮ ነው። 41 ተብሎ የተመዘገበ አድራሻ ላይ አንዲት «ኤስ» ስትጨመር 42 ይሆናል። ቁጥሩ 41 እንዳለ ከቀረ ዎርድፕረስ ሴቲንጉን ማንበብ ያቅተዋል፣ የገጹም አቀማመጥ ይበላሻል። ስለዚህ በዳታቤዙ ላይ በቀጥታ በእጅ አትተኩ። ቁጥሩን አብሮ የሚያስተካክል መሣሪያ አለ፤ ቤተር ሰርች ሪፕሌስ የተባለው ፕለጊን ወይም የዎርድፕረስ ሲኤልአይ፣ ማለትም በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ ይበቃል። ሁለቱም ምንም ሳይነኩ የሙከራ ውጤት ያሳያሉ። ባክአፕ ሳትይዙ ግን እባካችሁ አትጀምሩ።

ከሌላ ድርጅት ሰርቨር የሚመጣ ፋይል ካለ አድራሻውን በኤችቲቲፒኤስ ከፍታችሁ ሞክሩት። ካልተከፈተ ሌላ አማራጭ ፈልጉ፣ ወይም ይቅር። በሺህ የሚቆጠር የድሮ ጽሑፍ ላለው ሰው «አፕግሬድ ኢንሴኪዩር ሪኩዌስትስ» የሚባል መመሪያ አለ። ሰርቨሩ ይህን ከገጹ ጋር ሲልክ፣ ብሮውዘሩ እያንዳንዱን አድራሻ ከመጥራቱ በፊት ራሱ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ይቀይረዋል። ጥሩ ማስታገሻ ነው፤ እኔ ግን አድራሻዎቹን ማስተካከሉን አልተውም።

ከጓደኛዬ ገጽ ቀዩ መስመር ጠፋ፣ ፎቶዎቹም ተንሸራተቱ። አንድ ቢጫ ግን አልጠፋ አለ። የጀርባው ፎቶ አድራሻ ዳታቤዙ ውስጥ ሳይሆን የቴሙ ሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይል ውስጥ ነበር። ከፍቼ አንዷን ፊደል ጨመርኩ፣ ካሹን (ተቀምጦ የቀረውን የድሮ ቅጂ) አጸዳሁ፣ ኮንሶሉም ባዶ ሆነ።