የአፈጻጸም እግድ ምንድን ነው? «ይግባኝ ብያለሁ» ማለት ለምን በር አያስዘጋም

አንድ ሰው ቤቱን እንዲለቅ ተፈረደበት እንበል። ይደነግጣል፣ ይናደዳል፣ ጠበቃ ይዞ ይግባኝ ይላል። ቀጠሮ ተሰጠው። በቃ፣ ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ነው ብሎ እፎይ ይላል። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ይንኳኳል፤ የአፈጻጸም ሠራተኞች ከፖሊስ ጋር ቆመዋል። «ኧረ እኔ ይግባኝ ላይ ነኝ!» «እግድ አለህ?» የምን እግድ?

ይግባኝና እግድ አንድ አይደሉም። ይግባኝ «ፍርዱ ተሳስቷል፣ እንደገና ይታይልኝ» ነው። የአፈጻጸም እግድ ደግሞ «እስኪታይ ድረስ ፍርዱ እንዳይፈጸም ይቁምልኝ» የሚል ለብቻው የሚቀርብ አቤቱታ ነው። አንደኛውን ማስገባት ሌላኛውን አያመጣም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በቁጥር 332 የሚለው ይኸንኑ ነው፤ ይግባኝ ስለተባለ ብቻ አፈጻጸም አይቆምም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በቂ ምክንያት ካገኘ ሊያግድ ይችላል። «ይችላል» የምትለዋን ልብ በሉ። ግዴታ የለበትም።

ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ምክንያት አለው። ይግባኝ በራሱ ፍርድን የሚያስቆም ቢሆን የተረታ ሁሉ ጊዜ ለመግዛት ብቻ ይግባኝ ይል ነበር፤ ኪራይ ሳይከፈለው ወራት የቆጠረ አከራይ ደግሞ ፍርዱን ይዞ ሌላ ወራት ይቆጥራል። የፍርድ ባለመብቱም ሰው ነው።

ሁሉም አገር ግን እንዲህ አያስብም። ደቡብ አፍሪካ ነገሩን ገልብጣዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የከፍተኛ ፍርድ ቤቶቿ ሕግ አንቀጽ 18 መሠረት ይግባኝ ከተባለ የመጨረሻ ፍርድ እንደ ደንብ ይታገዳል፣ «አሁኑኑ ይፈጸምልኝ» የሚለው ወገን ነው የተለየ ሁኔታ መኖሩን፣ ባይፈጸምለት የማይጠገን ጉዳት እንደሚደርስበትና ሌላው ግን የማይጠገን ጉዳት እንደማይደርስበት ማስረዳት ያለበት። ፈረንሳይ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለተከፈቱ የፍትሐ ብሔር ክሶች የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ይግባኝ ቢባልበትም እንደ ደንብ ወዲያው እንዲፈጸም ደንግጋለች፤ በሌላ በኩል ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ብርዳማ ወቅት ተከራይን በግድ ማስወጣትን፣ ጥቂት ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ትከለክላለች። ልዩነቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ የመጠበቁን ሸክም ማን ይሸከም?

ወደ እኛ ስንመለስ፣ እግድ ጠያቂ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት። ሳይዘገይ መምጣቱን፣ ዋስትና ማቅረቡን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍርዱ ቢፈጸም ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ልጆች አሉኝ፣ እቸገራለሁ» ብቻ ብሎ መጻፍ ያሳዝናል እንጂ ብዙ አያስረዳም፤ ቤት ልቀቅ የተባለ ሁሉ ይቸገራላ። የሚያስረዳው በኋላ በይግባኙ ቢያሸንፍ እንኳ ነገሩ ወደ ነበረበት የማይመለስ መሆኑ ነው። ቤቱ ሊፈርስ ነው? ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ነው? ሱቅ ከሆነ ደንበኛው ሊበተን ነው? ይህ በማስረጃ ይጻፍ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የቤት ጉዳይ ከገንዘብ ጉዳይ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን የለበትም። ገንዘብ ተከፍሎ በይግባኝ ቢሻር ይመለሳል፤ ተመልሶ ሲቆጠር ያው ነው። የፈረሰ ቤት ግን በውሳኔ አይቆምም። በይግባኝ ረትቶ ውሳኔውን በእጁ ይዞ ባዶ መሬት ፊት የቆመ ሰው ምን አገኘ ይባላል? ስለዚህ ዳኛ ከጠረጠረ ወደ ማገዱ ቢያዘነብል፣ የአከራዩን ጉዳት ደግሞ በዋስትና ወይም ኪራዩ በየወሩ ፍርድ ቤት እንዲቀመጥ በማዘዝ ቢያካክስ ይሻላል ባይ ነኝ።

በተግባር ደግሞ ትንሽ የምትመስል ግን ሰው የምታስወጣ ነገር አለች። እግዱ ተፈቀደ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ትዕዛዙ ፍርዱን ወደሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት መድረስ አለበት። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ተኝቶ ዕቃው አስፋልት ላይ ከወጣ በኋላ «ታግዶ ነበር እኮ» ማለት ዕቃውን ወደ ውስጥ አያስገባም። የእግድ አቤቱታውም ከይግባኙ ጋር በዚያው ቀን ቢገባ ይመረጣል።

እግድ ማሸነፍም አይደለም። ኪራዩ መቁጠሩን አያቆምም፣ ይግባኙ ከወደቀም እግዱ አብሮት ይወድቃል። ወደ ሰበር፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ወደሚያየው ችሎት፣ እሄዳለሁ የሚል ሰው እዚያም አዲስ እግድ መጠየቅ አለበት፤ የድሮው አብሮት አይሄድም።